የእማማ ተናኘወርቅ ማጠቢያ ድንጋይ

ሐረር ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠበቃ ዕፀገነትን የሚወድ ሰው አልነበረም። ምኗ ይወደዳል? የደንበኛዋን ጉድ ባላጋራ ሳያነሳው ራሷ ቀድማ የምትዘረግፍ ሴት ናት። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ ስለ ቀኑ ዋሽቷል፤ ስለ ውሉ ግን አልዋሸም» ትላለች። ደንበኛው ጥርሱን ያፋጫል፣ ዳኛው ያለችውን ይጽፋሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ ቃሏን የተጠራጠረ ዳኛ የለም። በምላሱ ማር የሚመካው ጠበቃ ጌታነህ በዚህ አንጀቱ ሲያር ኖሯል።

ዘንድሮ ወንድሟ ደምሴ የጎረቤታቸውን የሙናን መሬት ገፍቶ አጥር ሠራና ተከሰሰ። ያ ስግብግብ የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ጓሮው ከትቶታል፤ እናታቸው ልብስ ያጥቡበታል። ዕፀገነት «መንቀሉን አምነን በቀሪው እንከራከር» ስትል እማማ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን ገለጡ።

«በጡቴ ይዤሻለሁ። ወንድምሽን አሳልፈሽ ብትሰጪ ያጠባሁሽ ጡት ይፍረድብሽ።»

ጡት ተይዞባት እምቢ የምትል ልጅ ከየት ትመጣለች? ችሎት ቆማ «እዚያ ድንበር ላይ ድንጋይ ኖሮ አያውቅም» አለች። ዳኛው እንደ ልማዳቸው ጻፉ።

ለሙና የቆመው ጌታነህ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አላበዛም። ከሙና ጣሪያ ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ አቀረበ፤ እማማ ተናኘወርቅ ጎንበስ ብለው ያጥባሉ፣ በድንጋዩ ጎን የቀያሹ ቀይ ቁጥር ይነበባል።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይዘሮ ዕፀገነት፣ ይህን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች።

አጥሩ ፈረሰ። እናቷ «አንቺ ነሽ ያፈረስሽው» ብለው ደጃቸውን ዘጉባት። ደምሴም ገበያ መሀል ሲያገኛት ምራቁን ይተፋል። ይሁን፣ መጠላቱንስ ለምዳዋለች።

በሳምንቱ ከድሬ ጠያራ ለመጣች ዋፊቃ ለምትባል ባልቴት ቆመች። ምስኪኗ እርሻዋን የነጠቃትን ዘመድ ከስሳ፣ በቀጠሮዋ ቀን ወባ ጥሏት ቀርታ ነበር። ዕፀገነት ይህንኑ አስረዳች። የዳኛው እስክሪብቶ አልተንቀሳቀሰም።

«የሐኪም ማስረጃ አለዎት?»

አልያዘችም። ለእንዲህ ያለ ነገር ወረቀት ተጠይቃ አታውቅም። ከኋላ ወንበር ጌታነህ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ መዝገቡ ተዘጋ።

ዋፊቃ ደረጃው ላይ ክንዷን ያዘቻት። «ወላሂ እውነቱን ነው የነገርሻቸው» አለች። «ምነው አላመኑሽም?»