አጎቴ ለሽምግልና መንገድ የያዙት መጠጥ

አጎቴ ሩቅ መንገድ በእግር ሲወጡ የሚይዙት አረቄ ነበር። «ጠላ ይከብዳል፤ ጠጅም ሲናጥ ቡሹን ያፈናጥራል» ይሉ ነበር።

በደርግ ዘመን ሚስቴን ሊጠይቁልኝ ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ ሲነሱ ግን አረቄውን ትተው ያልፈላ የማር ብርዝ ያዙ። የልጅቷ ቤተሰቦች ጴንጤ ስለሆኑ አልኮል አይቀምሱም፤ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህም ካድሬ ሳይፈራ ደጃቸውን የሚረግጥ ጥቂት ነበር።

«መንገዱ ብርድ ነው፤ ለራስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ ስመለስ እጠጣለሁ። ሰው ቤት ገብቼ ብቻዬን አልጠጣም» አሉኝ።

አማቴ ብርዙን አብረዋቸው ጠጥተው ልጃቸውን ሰጡኝ።

አጎቴን ስንቀብር አማቴ፣ «ሁሉም ሲሸሸን ቤቴ የመጣ እሱ ነው» ብለው ሲናገሩ በሐዘኔ መሃል ኮራሁ። አሁን ልጄ ሊያገባ ነው። ሽማግሌ ልንመርጥ ተቀምጠን፣ በአጎቴ ቦታ ልሂድ ብሎ የሚደፍር ጠፋ።