የጋሼ ዘውዴ የሚስጥር ቁጥር

በጥልቅ የኃላፊነት ስሜት የማሳውቀው ነገር ቢኖር... ፊርማ አርፏል። ሕልፈቱ የተሰማው ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ብርድ ልብስ መሸጫ ሱቅ ነው። ለወዳጅ ዘመዶቹ፣ በተለይም ለአክስቴ ባል ለጋሼ ዘውዴ፣ መጽናናትን እመኛለሁ።

ጋሼ ዘውዴን ለማታውቁ... ከኛ በላይ፣ ደጋው ጨንቻ ነው የሚኖሩት። ጡረታ እስኪወጡ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ፊርማቸው ሦስቴ ይጠመጠምና መጨረሻ ላይ ጅራቱ ወደ ላይ ተወንጭፎ ይቀራል። ከመፈረማቸው በፊት አየር ላይ ይሞክሩታል።

ቅዳሜ ዕለት እሳቸውና አክስቴ እትዬ ብርቄ ብርድ ልብስ ሊገዙ ወረዱ። እኛ አርባ ምንጮች አንሶላ እንኳ ገፍተን ነው የምናድረው፤ እዚህ ከተማ ብርድ ልብስ የሚሸጠው ለጨንቻ ሲባል ነው። እትዬ ባለፈው ክረምት ብርዱ ወገባቸው ድረስ ዘልቆ ስላሰቃያቸው፣ ዘንድሮ ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ ክረምቱን እንደማይቀበሉት አቋማቸውን አሳውቀዋል። እኔ ለመሸከም ተጠራሁ።

መረጡ። ወፍራም፣ ነብር ያለበት፣ ማሸጊያው ላይ «ለሁለት ሰው» የሚል። እትዬ እጃቸውን አንዴ ከከተቱበት በኋላ ማውጣት አልፈለጉም።

ጋሼ ካርዳቸውን ሰጡ። ባለሱቁ ማሽኑ ውስጥ ከተተና አዙሮ አቀረበላቸው።

«የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ፣ አባባ።»

«ብዕር ስጠኝ» አሉ ጋሼ። «እፈርማለሁ።»

ባለሱቁ ማሽኑ ፊርማ እንደማያነብ በትሕትና አስረዳ። ጋሼም አራት ቁጥር ማንም መንገደኛ ሊነካካው እንደሚችል፣ የሳቸውን ፊርማ ግን አስመስሎ የፈረመ ሰው እስከ ዛሬ እንዳልተወለደ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ሰጡ። ማሽኑ አስተያየት አልሰጠም።

በመጨረሻ ነካኩት። ሱቁ ውስጥ የነበርን በሙሉ፣ በጨዋ ደንብ፣ ፊታችንን ወደ ጣሪያ አነሳን። ላየን ሰው ጸሎት ላይ ነበርን። ማሽኑ ጮኸ... ስህተት። ጋሼ አሰቡ፣ በጣቶቻቸው የሆነ ነገር ደመሩ፣ እንደገና ሞከሩ። ስህተት። ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንዴ ከደገሙት ካርዱ እንደሚቆለፍ፣ ባንኩም እስከ ሰኞ እንደማይከፈት ነገራቸው። እኔ ልክፈል እንዳልል የኔ አካውንት እንኳን ብርድ ልብስ ካልሲም አይገዛ።

እትዬ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ።

«ቁጥሩ ምንድነው?»

«ሚስጥር ነው።»

«ከኔ?»

ጋሼ ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው፣ ካርዱን ሲያወጡ የባንኩ ልጅ የማይረሱትን ቁጥር ይምረጡ ስላላቸው፣ የተጋቡበትን ዓመት እንደመረጡ ተናዘዙ።

ሱቁ ቀለጠ። ትራስ ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ትራሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቀረች። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ሳይወርድ አስተካከሉ። እኔ እሳቸውን ሲያፍሩ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እዚህ ላይ ዝም ቢባል ኖሮ እኔም የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

«ታዲያ ለምን እምቢ አለ?» አሉ እትዬ፣ ማር በሆነ ድምፅ።

ጋሼ አስረዱ። መጀመሪያ ዓመቱን በኛ አቆጣጠር አስገቡ። እምቢ ሲላቸው፣ ባንክ ሲሄዱ የሠርጋቸው ፎቶ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቀን አይተው ቁጥሩን ወደ ፈረንጆቹ ቀይረውት እንደነበር ትዝ አላቸው። ስለዚህ በሁለተኛው ሰባት ደመሩ።

«ስንት ደመርክ?»

«ሰባት።»

እንግዲህ ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ነገሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ሰባት ይደመራል፤ ከጥር ወዲህ ከሆነ ስምንት። እትዬ ብርቄ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ያስተማሩ ሴት ናቸው።

«ዘውዴ» አሉ ቀስ ብለው። «በየትኛው ወር ነው ያገባኸኝ?»

ሴትዮዋ ትራሱን አስቀመጠች። ጋሼ እርዳታ ፍለጋ ወደኔ ዞሩ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም።

«ታኅሣሥ...» አሉ።

«በነቢያት ጾም? የትኛው ቄስ ነው በጾም ያጋባን? እኔን ያገባኸኝ በጥር ነው። የታኅሣሷ ሌላ ትሆናለች። እሷን ፈልጋት፣ ብርድ ልብስም እሷ ታልብስህ።»

ቀጥሎ ያለው በጋሞኛ ስለሆነ ለሕዝብ ሰላም ሲባል አልተረጎመም። ግማሹ ሰው ስለገባው ሳቀ፤ ግማሹ ያ ግማሽ ስለሳቀ ሳቀ። ጋሼ በበኩላቸው ጠጁ የተጣለው በታኅሣሥ እንደነበር ጠቅሰው የመከላከያ ክርክር ለማቅረብ ሞከሩ። ተቀባይነት አላገኘም።

እትዬ ማሽኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ጣሪያውን አየን። ይቺ የመጨረሻዋ ናት፤ ከሳተች እትዬ ባዶ እጃቸውን ወደዚያ ብርድ ሊመለሱ ነው። ማሽኑ አሰበ... አሰበ... ወረቀት መትፋት ጀመረ።

ባለሱቁ ወረቀቱን ቀደደና፣ ለሱቁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ክፍት ቦታ አሳየ። «እዚች ጋ ደግሞ ይፈርሙልኝ፣ አባባ።»

የጋሼ ዘውዴ ፊት በራ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ብዕሩን ተቀብለው አየር ላይ መጠምጠም ሲጀምሩ... እትዬ ብዕሩን እዚያው አየር ላይ ነጠቋቸው።

«የከፈልኩት እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙ። አጭር ነው። ጅራት የለውም። ካርዱም ወደ እትዬ ቦርሳ ገባ።

ወደ መናኸሪያ የሄድነው በባጃጅ ነው። ብርድ ልብሱ መሃላቸው ተቀመጠ፤ ነብሩ ፊቱን ወደ ጋሼ አዙሯል። ጋሼ በጆሮዬ፣ ዋናው ነገር ዓመቱን አለመርሳታቸው እንደሆነ ሹክ አሉኝ። እትዬ ሰምተዋል።

ማረሚያ፦ ከላይ ስለ ብርድ ልብሱ በተሰጠው መግለጫ «ለሁለት ሰው» የተባለው፣ ዛሬ ጠዋት ከጨንቻ በስልክ በደረሰን መረጃ መሠረት፣ እስከ መጪው ጥር ድረስ «ለአንድ ሰው» ተብሎ ይነበብ።