በጎመን መሀል የጠፋ ጥፍር

ሶዳም ለአፍታ እንኳ አርፋ ስትቀመጥ ያየ ሰው የለም። የገዛ እናቷ፣ «ይህቺ ልጅ ገና ሆዴ ውስጥ ሳለች ጀምራ አላስቀምጥ ብላኛለች» ይላሉ። ባንክ ተቀጠረች፤ ከመስኮት ኋላ ተገትሮ መዋል አንገሸገሻትና ወጣች። የስልክ ጥሪ መልስ መስጫ ማዕከል ገባች፤ እሱንም በወጉ ሳትለምደው ጥላው ሄደች። ባሏ ጊቦም ረጋ ያለ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ራት ሲበሉ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ሲንቀጠቀጥ ያይና «ኧረ ሞተሩን አጥፊው!» ይላታል። ይህቺው ሴት የሰው ጣት ይዛ ጥፍር መሥራት ስትጀምር ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ትከሻዋ ይወርዳል፣ እግሯ ፀጥ ይላል፣ ስልክ ቢጮህም አትሰማ።

እንጀራዋም ይኸው ሆነ፤ አርቴፊሻል ጥፍር። ደንበኞቿ እጃቸውን ይዘረጉና አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጠው ፎቶ ይልኩላታል። እሷ በሳንቲሙ መጠን ጣታቸውን ለክታ፣ ሞርዳ፣ ቀብታ፣ በትንሽ ሣጥን አሽጋ በፖስታ ትሰዳለች። ከረሜላ የተቀባ የሚመስል ሮዝ አላት፤ ማግኔት ሲያስጠጉት እንደ ድመት ዓይን የሚያበራ አረንጓዴ አላት፤ ዕንቁና ጥቃቅን ሪባን የተለጠፈበትም አላት። ጊዜ ካገኘች ስልኳን አቁማ ለሴቶች ሜካፕ ታስተምራለች። «ፋውንዴሽን ግድግዳ መቀባት አይደለም፤ በስሱ፣ በስሱ፣ ፊታችሁ አሁን ውሃ የጠገበ እስኪመስል። ከዓይናችሁ ሥር ደግሞ ትንሽ ብርሃን አድርጉ፤ ሳትስቁም የሳቃችሁ ትመስላላችሁ» ትላለች። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ምላሷ ስለሚፈጥን ግን ብዙዎቹ ቪዲዮውን እያቆሙ ነው የሚሰሟት።

ችግሩ ቦታ ነበር። የምትሠራው በምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ ጊቦም ከሾርባው ውስጥ ብልጭልጭ ነገር በማንኪያ አውጥቶ ያውቃል። አማቷ እማማ ማክሬ ደግሞ በቾንግጁ ከተማ አሮጌ ገበያ ውስጥ ቤት አላቸው። ከሥሩ ያለው ክፍል ሟች ባላቸው የሩዝ ኬክ ይሠሩበት የነበረ ነው፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ተዘግቶ ቀርቷል። መስኮቱ ወደ መንገድ ይወጣል፣ ብርሃኑ ልክ ነው፣ ውሃም አለው። ሶዳም በዚያ በር ባለፈች ቁጥር አንገቷን አስግጋ በመስኮቱ ታያለች። ነገር ግን ክፍሉን አንድ ዶሮ ጠባሽም ዓይኑን ጥሎበታል፤ ለጥያቄ ሲመላለስ ሰንብቷል።

«እማማ፣ ለዶሮ ከሚሆን ለኔ ይሁን፤ ኪራዩን እኔም እከፍላለሁ» አለች አንድ ቀን፣ ቆማ እየተቁነጠነጠች።

«ምን ልትሸጪበት?»

«ጥፍር።»

«ሰው ጥፍር የለውም እንዴ?» እማማ ማክሬ አርቴፊሻል ጥፍር የተለጠፈበትን የምራታቸውን እጅ ስበው አገላበጡት። «በዚህ እጅ ሩዝ ይታጠባል? ይሄ እኮ እጅ አይደለም፣ የሱቅ መስኮት ነው።»

«በዚህ እጅ የማልሠራው ነገር የለም።»

አሮጊቷ አሰብ አደረጉ። ኅዳር ገብቶ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ለብርዱ ወራት በበርበሬ ተለውሶ የሚቀመጠውን የጎመን ኪምቺ ሊሠራ ጎመን እየገዛ ነው። «እንግዲያው በኪምቺው ቀን እንተያያለን» አሉ። «ጥፍርሽን ሳታወልቂ እንደማንኛችንም ከሠራሽ ቁልፉ ያንቺ ነው። ጎመኔ ውስጥ አንዲት ነገር ከገባች ግን፣ ክፍሉ የዶሮ ነው።»

«ይሁን!» አለች ሶዳም፣ ሳታስብ። ማሰብ መቼ ታውቅና።

የኪምቺ ቀን በእማማ ማክሬ ቤት ቀልድ አይደለም። ለሁለት ተሰንጥቆ በጨው ያደረው ጥቅል ጎመን ታጥቦና ተንጠፍጥፎ በግቢው ተከምሯል። በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ የጨው ሽሪምፑና የተከተፈው ፍጅል በትልቅ ሳፋ ተለውሶ ደም መስሏል። ሴቶቹ እስከ ክርናቸው የሚደርስ የጎማ ጓንት አጥልቀው ሳፋውን ከበቡ። ሶዳም ፊቷን እንደ ሙሽራ ተሠርታ ከተፍ ስትል የባሏ ታላቅ እህት ሚራን አላስቻላትም።

«አንቺ፣ ኪምቺ ልትሠሪ ነው የመጣሽው ወይስ ልትዳሪ?»

«ጎመኑም ቢሆን ቆንጆ ሰው ሲነካው ደስ ይለዋል፣ እትዬ።»

«እንባሽ ሲወርድ እናያለን። ሽንኩርት ሜካፕ አያውቅም።»

እንባዋ ወረደ፤ ኩሏ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ይልቅ ሁሉን ያስገረመው እጇ ነው። ድልሁን በየቅጠሉ መሀል በስሱና እኩል ትቀባለች፣ አንዱን ጨርሳ ሌላውን ታነሳለች፤ ደግሞም አትቁነጠነጥም። እማማ ማክሬ ከጎን ከጎን ሲያዩዋት ቆዩ። ክምሩ ሲያልቅ ከተቀቀለው የአሳማ ሥጋ ቆረጥ አድርገው፣ በለጋ የጎመን ቅጠል ጠቅልለው በገዛ እጃቸው አጎረሷት። ከዚያ ከመቀነታቸው ቁልፉን አውጥተው ድልህ በተለወሰው ጓንቷ ላይ ጣሉት።

«ቃሌ ቃል ነው» አሉ።

ሶዳም ደስታዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ሚራን ኪምቺውን በየሣጥኑ ስታከፋፍል፣ ጊቦም ሲሸከም እሷ ከወዲያ ወዲህ ትላለች። አንድ ሣጥን ለራሳቸው፣ ሁለት ለእማማ ማክሬ፣ አንድ በዴጆን ከተማ ለምትኖረው ለሚራን፣ ትልቁ ደግሞ ለሰፈሩ አዛውንቶች መሰብሰቢያ ቤት። ይህ የመጨረሻው የእማማ ማክሬ ስም የሚጠራበት ነው። የአዛውንቶቹን የኅዳር ምሳ ኪምቺ የሚያቀርቡት ከጥንት ጀምሮ እሳቸው ናቸው።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ጓንቷን አወለቀች። የቀኝ እጇ የቀለበት ጣት ባዶ ነበር። ዕንቁ ያለበት ጥፍር የለም።

ጓንቱን ገለበጠችው፤ የለም። ጫፉ ላይ ግን ስንጥቅ አለ፣ ጥፍር የምታክል። ሳፋውን፣ የግቢውን ፍሳሽ፣ የጎመኑን ግንጣይ ሁሉ ቆፈረች። ማስቲሹን ጠዋት ተጣድፋ እንደለጠፈችው ትዝ አላት፤ ለደንበኛ ቢሆን እንዲህ አታደርግም ነበር። በራሷ ላይ ተናደደች። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው፤ ጥፍሩ ደግሞ ከአምስቱ ሣጥኖች በአንዱ፣ በቅጠልና በቅጠል መሀል ተኝቷል።

ከዚያ በኋላ ያሳለፈችውን ጭንቅ ለጠላትም አልመኘው። የራሷን ሣጥን ዘርግፋ ቅጠል በቅጠል ፈተሸች፤ ምንም። በማግስቱ እማማ ማክሬ ገበያ ሲወጡ ጠብቃ ቤታቸው ገባችና ሁለቱንም ሣጥን በረበረች፤ ምንም። ዴጆን ድረስ መኪና እየነዳች ሄዳ «እንዲያው ናፍቃችሁኝ ነው» ብላ ሚራን ቤት ዱብ አለች። ሚራን ሻይ ልታፈላ ዞር ብላ ስትመለስ፣ የወንድሟ ሚስት እስከ ክርኗ ኪምቺ ውስጥ ገብታለች።

«በቤታችሁ ኪምቺ የለም እንዴ?»

ሶዳም አለቀሰች፤ ሁሉንም ነገረቻት። ሚራን መጀመሪያ መሬት ላይ ተቀምጣ እስኪበቃት ሳቀች፤ ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ አብራት ፈተሸች። እዚያም የለም።

«እንግዲያው አዛውንቶቹ ጋ ነው» አለች ሚራን፣ እጇን እየታጠበች። «ምሳው ነገ አይደል? ዝም በይ። ቁልፉን ወስደሻል።»

«ዕንቁ ያለበት ጥፍር ከኪምቺ ቢወጣ የኔ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?»

«ዋጥ ያደርጉታላ! በዚያ ዕድሜ ያልዋጡት ምን አለ?»

ሶዳም ሳትወድ በግድ ሳቀች። በመንገድ ላይ ግን አባባ ዶክሱ ትዝ አሏት፤ ውሃ እንኳ ሲጠጡ ትን የሚላቸው ሽማግሌ። ደግሞ ወዲያው ያ ክፍል መጣባት፤ መስኮቱ፣ የምትሰቅለው ነጭ መጋረጃ፣ ጠረጴዛዋን የምታኖርበት ጥግ። ዝም ብትልስ? ምናልባት እኮ ጥፍሩ በፍሳሽ ሄዶ ይሆናል። ምናልባት። ቤት ስትደርስ ራት ቀረበ፤ አልበላላትም። ጊቦም እግሯን አየና ዛሬ ስለ ሞተር ምንም አላለም።

በማግስቱ ፊቷን እንኳ ሳትቀባ ወጣች። የሚያውቋት ሰዎች ይህን ቢያዩ ሰው ሞተ ወይ ይሉ ነበር። አዛውንቶች ቤት ስትደርስ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ከሥሩ በሚሞቀው ወለል ላይ ማዕዱን ከበው ተቀምጠዋል፤ ሾርባው ይጨሳል። እማማ ማክሬ ማዕድ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ኪምቺውን በመቀስ እየቆራረጡ በየሳህኑ ይደለድላሉ።

«እማማ፣ አያቅርቡት!» አለች ከበሩ ላይ፣ እያለከለከች። «ጥፍሬ ወድቆበታል።»

መቀሱ ቆመ።

«የቱ?»

ባዶውን ጣት አሳየቻቸው። ሌላ ስላልለጠፈችበት የራሷ ጥፍር አጭርና የተላጠ ሆኖ ይታያል።

«መቼ አወቅሽ?»

«በዚያኑ ዕለት። እርስዎ ቁልፉን ከሰጡኝ በኋላ። የኛን ፈተሽኩ፣ የእርስዎንም በሌሉበት ፈተሽኩ፣ እትዬ ሚራን ጋም ሄድኩ። የቀረው ይኸው ነው።»

እማማ ማክሬ ፊታቸው ቀላ፤ ሊጮሁ ነው ብላ ተሸማቀቀች። አልጮሁም። መቀሱን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወደ አዳራሹ ወጡ። ሶዳም ተከተለቻቸው። ጥፋቷን ራሷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ክርኗን በጣታቸው ቆንጠጥ አደረጓት።

«ዛሬ ኪምቺ የለም» አሉ አሮጊቷ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የኔ ነገር ወድቆበታል።»

«ምንሽ?» አሉ አባባ ዶክሱ፣ ቾፕስቲካቸውን እንደያዙ።

«ጥርሴ።»

እማማ ማክሬ እኮ በሰባ አንድ ዓመታቸው ጥርሳቸው ሁሉ የራሳቸው መሆኑን በየግብዣው የሚያውጁ፣ በየበዓሉ ሰው ፊት ለውዝ ከነቅርፊቱ የሚሰብሩ ሴት ናቸው። በሰፈሩ ከኪምቺያቸው ቀጥሎ የሚታወቁት በዚያ ነው።

«ጥርሴ ሁሉ የራሴ ነው ስትዪ አልነበር?» አለች አንዲት አሮጊት፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት።

«አንዱ ተተካ።»

«ማክሬ! እኛን ጥርስ የለሽ እያልሽ ስትሳለቂብን ከርመሽ!» አባባ ዶክሱ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ለካስ አንቺም እንደኛው ነሽ!»

ሳቁ ከጥግ ጥግ ተዛመተ። አንዱ አፍሽን ክፈቺና እንይ አላቸው፣ ሌላዋ የጥርስ ሐኪሜን ላስተዋውቅሽ አለች። እማማ ማክሬ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሁሉንም ቆመው ሰሙት። ሶዳም ከኋላቸው ሆና ማልቀስ አማራት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ሣጥኑን በሁለቱ እጀታ ይዘው ወጡ፤ አንዱን አማት፣ አንዱን ምራት። ጥቂት እንደሄዱ እማማ ማክሬ ቆሙና ነፃውን እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን።»

ሶዳም ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው። አልተከራከረችም። የዶሮ ጥብስ ዘይት ሽታ አሁኑኑ አፍንጫዋ ላይ የደረሰ መሰላት፤ ቢሆንም ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት። ቁልፉ ወደ መቀነቱ ተመለሰ።

«እማማ፣ ጥርስዎን ስለ…»

«ዝም ብለሽ ተሸከሚ። ወደ እኔ አዘንብለሽዋል።»

መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርሱ አሮጊቷ ወደ ቤታቸው አልታጠፉም፤ ሣጥኑን ወደ ገበያው ጎተቱት።

«ቤት እኮ በዚህ ነው።»

«የቤቴን መንገድ ታሳይኛለሽ? አዛውንቶቹ ያለ ኪምቺ ሊከርሙ ነው? ጎመን እንገዛለን። ጨዉን ዛሬ እናስይዘዋለን፣ ነገ ጠዋት እንሠራዋለን።»

«እመጣለሁ» አለች ሶዳም ቶሎ ብላ። «ሁሉንም ጥፍሬን አውልቄ እመጣለሁ።»

እማማ ማክሬ ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጡና ትንፋሽ ወሰዱ። የጎመን ሻጩን ክምር እያዩ እንጂ እሷን እያዩ አልተናገሩም።

«ማን አውልቂ አለሽ? ነገ እንደገና እንተያያለን። የጎደለውን ለጥፈሽ ነይ፤ ማስቲሹን ግን ለደንበኛ እንደምታደርጊው አድርጊው። ጓንትም ሁለት ደርበሽ ነው የምታጠልቂው።»