«አጥፍቻለሁ» ያለው ሰው ይግባኝ

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ስወጣ አጎቴ ቀድመውኝ የፊት ወንበር ይዘዋል። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበዋል። ሹፌሩ በመስታወቱ አያቸውና፣

«አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያስታርቁ ነው?» አላቸው።

«አንተንና ፍሬንህን።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

አጎቴ በአገራችን የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። የእርሻ ድንበር፣ የትዳር ጠብ፣ የደም ጉዳይ ሳይቀር እሳቸው ዘንድ ይመጣል። በዱዓ ይከፍታሉ፣ በዱዓ ይዘጋሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን ይላል። የዚያን ቀን መንገዳችን ግን ለእርቅ አልነበረም። ደሴ የተቀመጠው ይግባኝ ሰሚ ችሎት በአንድ የአስገድዶ መድፈር ጉዳይ ፍርድ ሊያነብ ነው። እኔ የምሄደው ልዘግብ ነው፤ እሳቸው የምስክርነት ቃላቸው ምን እንዳስከተለ ሊሰሙ።

ተበዳይዋ ከዓረብ አገር ተመልሳ መካነ ሰላም ላይ ትንሽ ሱቅ የከፈተች ሴት ናት። የተፈረደበት ሰው ጎረቤቷ ነው። ሁለቱን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ይግባኙ ከቀናው፣ ተመልሶ የሚገባው ከዚያው አጥር ማዶ ነው።

ቤተሰቦቿ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ፖሊስ ሳይሆን ወደ አጎቴ ነበር። እነሱው ቤት ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰውየው እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጣና ጎንበስ ብሎ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። እሷ ግን እርቁን አልቀበልም ብላ ብቻዋን ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ያኔ ቀናት አልፈው ስለነበር የሐኪም ምርመራው ምንም አላሳየም። የዓይን ምስክር የለም። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት አጎቴ ቀርበው የሰሙትን መሰከሩ፤ ሰውየውም ጥፋተኛ ተባለ።

የሰውየው የይግባኝ ጠበቃ የያዘው ታዲያ የእሳቸውን ቃል ነበር። አጎቴ በመስቀለኛ ጥያቄ የመለሱትን በቀደመው ቀጠሮ ለዳኞቹ አነበበላቸው።

«ሽማግሌ ፊት ቀርቦ አላጠፋሁም የሚል ሰው አለ?»

«የለም። እንዲያ ካለ እርቁ አይጀመርም።»

«ያላጠፋም ሰው አጥፍቻለሁ ይላል ማለት ነው?»

«ይላል።»

እውነት ነው። የእኔ ታናሽ ወንድም ሰርግ ቤት ለተነሳ ድብድብ ድንጋይ ተሸክሟል። ድብድቡ ሲነሳ ቤታችን ተኝቶ ነበር፤ የሄደው የቤተሰቡ ታናሽ ስለሆነ ብቻ ነው። እኔም ከጎኑ ቆሜ ነበር፤ ነገሩ ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ችሎቱ ውስጥ ሴትየዋ በስተግራ፣ እኛ ከኋላ ተቀመጥን። አጎቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ዳኛው ማንበብ ሲጀምሩ እኔ በልቤ አንድ ነገር ተመኘሁ፦ ያን «አጥፍቻለሁ» የሚለውን ቃል ማስረጃ ነው ብለው ይቀበሉት። የተመኘሁት ለእሷ ብዬ አልነበረም። አጎቴ በመልሳቸው ሰው አስፈቱ እንዳይባል ነው። ይህን ያወቅኩት እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ነው፤ ወደ ግራ ማየት አቃተኝ።

ዳኛው ቃሉን አልተቀበሉትም። በሽምግልና ወግ የተነገረ ይቅርታ ወንጀልን እንደማመን አይቆጠርም አሉ። ጠበቃው ልክ ነው በሚል ራሱን ነቀነቀ። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ንባቡ ቀጠለ። ያ ቃል ቢወጣ የቀረው ማስረጃ ይበቃል ወይ? ሕጉ የምስክር ብዛት አይጠይቅም፤ የታመነ አንድ ቃል ይበቃል። እሷ ለፖሊስም ለፍርድ ቤትም የተናገረችው አንድ ነው፤ በመስቀለኛ ጥያቄም አልተናወጠም። ሰውየው ግን ፖሊስ ጣቢያ የዚያን ቀን ሱቋ አልደረስኩም ብሎ፣ ፍርድ ቤት ተጋብዤ ነው የገባሁት ብሏል። ቃሏን በጆሮው የሰማው፣ እሷንም በዓይኑ ያየው የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለምን እንዳመናት በምክንያት አስቀምጧል፤ ያንን የሚያፈርስ ነገር አልቀረበም። ምርመራው የዘገየውም ጉዳዩ በሽምግልና ተይዞ ስለቆየ እንጂ በእሷ ጥፋት አይደለም።

ጥፋተኝነቱ ጸና።

ሴትየዋ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አጎቴ ግቢው ውስጥ ደረሱባት።

«ልጄ፣ አልሃምዱሊላህ፣ እንኳን አላህ ረዳሽ።»

«አሚን፣ አባባ።»

«እኛ… ያን ጊዜ አንቺን አልጠራንሽም።»

«ጓዳ ነበርኩ» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ድንጋዩን ሲያስቀምጥ ኮሽ ሲል ሳይቀር ሰምቻለሁ። ዱዓ ስታደርጉም አሚን ብያለሁ። በሩን ከፍቶ ምን ሆንሽ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

 ሰው የማያስጨርሱት አጎቴ እሷን አስጨረሷት።

የምንመለሰው በዚያው አውቶቡስ ነበር። እሷ ከኋላ ተቀመጠች። ጉጉፍቱ የሚባለው ደጋ ላይ ብርዱ ሲጠነክር አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ፍርድ ቤት ምን ብላ ነው ያመኗት?»

«የእሷ ቃል የተሰማው በዝግ ችሎት ነው። አልነበርኩም።»

«አልጠየቅካትም?»

«አልጠየቅኳትም።»

ዓቃቤ ሕጉን ጠይቄያለሁ፣ ጠበቃውን ጠይቄያለሁ፣ እሳቸውን ራሳቸውን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። እሷን ያልጠየቅኳት ክብሯን ለመጠበቅ ነው ብዬ ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ፤ አለቃዬም ትክክል ነው ብሎኛል። ምናልባትም ትክክል ነው። ግን አላናግርም እንድትለኝ እንኳ ዕድል አልሰጠኋትም።

«እኔ ነገ ሱቋ እሄዳለሁ» አሉ አጎቴ። «ለእርቅ አይደለም። የምትናገረው ካለ ልሰማ ነው።»

«ካልፈለገችስ?»

«ጨው ገዝቼ እመለሳለሁ።»

መካነ ሰላም ስንደርስ ሹፌሩ በመስታወቱ ፈገግ አለ። «እህሳ አባባ፣ ታረቁ?»

 አጎቴ ከበሩ ራቅ ብለው ቆመው እሷን አሳለፏት፤ እሷም ቀድማን ወረደች።