ለጊዜው የተሰጠ ስም

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራው ሄለን ቢሮ ውስጥ አንድ አውቶማቲክ ሥራ እየዘረጋች ነበር። የምንጽፈውን ፕሮግራም ተቀብሎ ይፈትሻል፣ የተዛነፈውን ያስተካክላል፣ ከዚያ ራሱ ወደ ጋራ ማከማቻችን ያስገባዋል። ኮሚት ማድረግ የምንለው ይህንን ማስገባት ነው፤ በገባ ቁጥር ያስገባው ሰው ስም ይመዘገባል። «ለጊዜው የኔን ስም ልስጠው?» አለችኝ። ምንም ክፋት የላትም። እኔ ግን የድሮ ነገር ትዝ አለኝ።

ፀጉሬ ሳይሸብት በፊት ነው። እኔና ያሬድ መሳለሚያ አንድ ግቢ ያደግን፣ እናቶቻችን ልጅ ሳይለዩ ያበሉን ነን። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን አንዋር መስጊድ አጠገብ ከቅመም ሱቅ በላይ ጠባብ ክፍል ተከራየን። የአትክልት ተራን የጠዋት ዋጋ በስልክ የሚያሳይ መተግበሪያ እንሠራ ነበር። የበርበሬው ሽታ ከታች እየመጣ ቀኑን ሙሉ ያስነጥሰናል።

ነጋዴዎቹ እኔን ስለለመዱኝ ዋጋ የማመጣው እኔ ነበርኩ። ክረምት ነው፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ ጋሪ ገፊው «ዞር በይ እህት!» ይላል። ጋሼ ሸምሱ የሚባሉ የሽንኩርት ጅምላ ነጋዴ ደግሞ የመጀመሪያውን ገዢ ሳያገኙ ዋጋ መናገር አይሆንላቸውም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ገባ?»

«መጀመሪያ አሟሺኝ፤ ከዚያ እነግርሻለሁ።»

ስለዚህ በየጠዋቱ ሽንኩርት ይዤ እመለሳለሁ። ቁርሳችን የቲማቲም ስልስ በዳቦ ሆነ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ከቁርስ በኋላ ፕሮግራሙን የምጽፈውም እኔ ነኝ። ያሬድ ከሰው ጋር መነጋገር ይችልበታል፤ ከፕሮግራሙ የእሱ እጅ ያለበት እንደ አሁኑ የሄለን ያለ ፈትሾ የሚያስገባ አውቶማቲክ ብቻ ነበር። አውቶማቲኩ የአስገቢ ስም ሲጠይቀው «ለጊዜው የኔን ሰጥቼዋለሁ» አለኝ። እኔ የጻፍኩት ሁሉ በዚያ እያለፈ በእሱ ስም ይገባ ጀመር። ምን ቸገረኝ፣ ያሬድ አይደል?

አንድ አርብ፣ ስለ ሥራችን የሰማ ድርጅት ሁለት ሰዎች ላከ። ፕሮግራሙን የሠራውን ሰው ቀጥረው ሥራውን በእሱ መሪነት ሊያስፋፉት ፈልገዋል። «የጻፈው ማነው?» ሲሉ ያሬድ የኮሚቶቹን መዝገብ ከፈተ። ከላይ እስከ ታች የእሱ ስም ነው። እስኪያስረዳቸው ጠበቅኩ።

«እሷ ጠዋት ጠዋት ዋጋ ታመጣልን ነበር» አለ።

«ያሬድ! እኔ አይደለሁ እንዴ የጻፍኩት?»

እንግዶቹ በጨዋ ፈገግታ አዩኝና ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። መንገዱን ግን የጁምዓ ሰጋጅ ሞልቶታል፣ መሄጃ የለም። ያሬድ እንግዶቹን ትቶ ተከተለኝ። በሰጋጅ ፊት አይጮህ ነገር፣ ሶላቱ እስኪያልቅ በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆምን።

«ለጊዜው ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «እኔ ልግባና አስገባሻለሁ።»

ሶላቱ ሲያበቃ እሱ ወደ ላይ ተመለሰ፣ እኔ ወደ መሳለሚያ ሄድኩ። እሱ ድርጅቱ ገባ፤ ስልኬን ማንሳት ግን አቆመ። እናቱ በዓል ሲመጣ ዛሬም ይጠሩኛል፤ ለእሳቸው ምንም አልነገርኩም። ማሽኑን አልቀየመውም፣ የተሰጠውን ስም ነው የጻፈው። ያሬድ ግን ያውቅ ነበር። ያ ክህደት ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሄለን መልሴን ትጠብቃለች። «ለማሽኑ የማሽን ስም ስጪው፤ ሰው በጻፈው ላይ የጻፈው ሰው ስም ይቀመጥ» አልኳት።

«ለጊዜው እኮ ነው» አለች እየሳቀች።

ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እስክትቀይረው ድረስ አልተነሳሁም።