የማን ጎማ

ከባሌ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ዳዶ ማጠብ ነበር። ስምንት የጎማ ማጥበቂያ ዳዶ ላምባ ውስጥ ነክረን፣ እሱ በብሩሽ ሲፈትግ እኔ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አደርቅ ነበር። መኪናዋ ጣሊያን ሲወጣ ባሌና ወንድሙ በጋራ የገዟት የጭነት መኪና ናት፤ ጨው ጭና ከመቐለ ደሴ ትመላለሳለች። ያን ቀን ግን የቀኝ የኋላ ጎማዋ ወልቆ፣ ግቢያችን ውስጥ በድንጋይ ተደግፋ ቆማለች። የድሮዎቹ ዳዶዎች ጥርሳቸው ስላለቀ እነዚህን ከሱቅ አስመጥተን ነበር።

የመጀመሪያውን ወስዶ ብሎኑ ላይ አዞረው። እንቢ አለ። በመፍቻ ገፋ ሲያደርገው ጥርሱ ተጫረ። አውጥቶ ፀሐይ ላይ አየው።

“የግራ ናቸው” አለ። የዚህች መኪና የቀኝ ጎማ ዳዶ ወደ ቀኝ ሲዞር፣ የግራው ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው፤ ለዐይን ግን አንድ ናቸው። “አይዞሽ፣ ነገ እመልሳቸዋለሁ።”

በማግስቱ ንዳድ ጣለው። በዘጠነኛው ቀን ቀበርነው።

አርባው እንደወጣ ወንድሙ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስድስት ልጅ ያሳድጋል፤ እኔንም ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ነው የሚለኝ። “ሓፍተይ፣ እስከ ቅዳሜ ከድንጋዩ ካልወረደች ለቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች እሰጣታለሁ” አለኝ። ሌላ ዳዶ የምገዛበት በቤቴ አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት ስምንቱን በጨርቅ ቋጥሬ ወደተገዙበት ሱቅ ወጣሁ።

ባለሱቁ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን መለዋወጫ ይሸጣሉ። ሁለት ሹፌሮች ቆመው ነበር። ቋጠሮዬን ባንኮኒው ላይ ፈታሁ።

“የታዘዘው የቀኝ ነበር፤ የግራ ነው የሰጡን። ብራችንን ይመልሱልኝ።”

“አላህ ያጽናሽ፣ እታለም” አሉኝ። ከዚያ ከመሳቢያ ወረቀት አወጡ። “የታዘዘውንማ ይኸው ይዤዋለሁ።” ለሹፌሮቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦ “ስምንት ዳዶ፣ የማን ጎማ።” ቀና አሉ። “ጎማው የማን እንደሆነ እኔ በምን ዐውቄ? ወላሂ፣ ዕቃ ሊገዛ ልኮ እኔኑ ይጠይቀኛል!”

ሹፌሮቹ ሳቁ። ፊቴ ጋለ።

በትግርኛ ቀኝ “የማን” ይባላል። ባሌ መኪናዋ ሥር ተጋድሞ “የማን ጎማ በሊ”፣ የቀኝ ጎማ በይ፣ ሲለኝ፣ እኔ ሸዋ የተወለድኩት፣ አባቴ ፊደል ያስቆጠረኝ፣ እንደሰማሁት ጻፍኩና በተሸካሚ ላክሁ። በዘጠኝ ዓመት ትዳር ቀኝ የሚለው ቃል ከቤታችን ወጥቶ ነበር። “የማን እጅሽን ስጪኝ” ይለኝ ነበር፤ እሰጠው ነበር።

“መቐለ ይህን ያህል ዘመን ኖረው የማንን አያውቁም?” አልኳቸው።

“በአፍ ቢነገረኝማ ዐውቃለሁ። በአማርኛ ተጽፎ ሲመጣ በአማርኛ አነበብኩ። ተሸካሚው ሲያጣድፈኝ እጄ የገባውን ሰጠሁት።” ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት። “ለመሆኑ ይህ ጽሕፈት የማን ነው?”

የሟቹ ነው ብል ሐጂ ከሙት ጋር አይሟገቱም፤ ሹፌሮቹም ያዝኑልኛል። ብሩን ይሰጡኛል። ነገር ግን ግራና ቀኙን የማያውቅ ሹፌር እየተባለ በዚህ ሱቅ ስሙ ሲነሣ ይኖራል። የእኔ ነው ካልኩ ደግሞ ባዶ እጄን ልመለስ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ከነገ ወዲያ ናት። ሦስቱም እያዩኝ ነው።

“የእኔ ነው” አልኩ። “እሱ በትክክል ነግሮኛል፤ ወደ አማርኛ ሳልመልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግራ ይሁን ቀኝ ብሎ መጠየቅ ግን የእርስዎ ፋንታ ነበር።”

ሐጂ ዳዶዎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ አንድ በአንድ አዩ። ጥርሱ የተጫረውን ለይተው ወደ እኔ ገፉት።

“ይሄን ማንም አይገዛኝም። የሰባቱን ውሰጂ።” ሰባት ጠገራ ብር ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። “የቀኝ እኔ ዘንድ የለም። እዚህ ቅርብ ኵሓ የቀረው ጣሊያን መካኒክ ጋ አይጠፋም፤ ዛሬውኑ ሂጂ።”

አንደኛው ሹፌር “በሰባትም ይኬዳል፣ ሓፍተይ” አለኝ። አሁን አላሾፈም።

ኵሓ በእግሬ ሄጄ ሰባት ዳዶ ይዤ ተመለስኩ። እንደ ፊተኛው ጥርሳቸውን እንዳልጭር ፈርቼ አልሞከርኳቸውም፤ ሁለቱንም ሌሊት የመካኒኩን የቀኝ ናቸው የሚል ቃል ብቻ ይዤ አደርኩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የባሌ ወንድም ከብረት ገዢዎቹ ጋር መጣ። ዳዶዎቹን ሰጠሁት። ጎማውን ከቦታው አስገባና የመጀመሪያውን በጣቱ አዞረ። ገባ። ሰባቱንም አጥብቆ ሲነሣ ገዢዎቹን አሰናበታቸው።

በወሩ ሐጂ ሰው ላኩብኝ። የሹፌሮች የትእዛዝ ወረቀት ቋንቋው እየተደባለቀ አስቸግሯቸዋል።

አሁን መኪናዋን ወንድሙ ይነዳታል። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ሐጂ ሱቅ እየሄድኩ ሹፌሮች በትግርኛ የሚነግሩኝን በአማርኛ እጽፋለሁ።