«መብራት ሲጠፋስ?»

አጎቴ የወረዳችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ እኔም የምሠራው በእርሳቸው ሥር ነበር። አዲስ ሲስተም በመጣ ቁጥር ቀድመው የሚማሩትም፣ «መብራት ሲጠፋስ?» ብለው የሚጠይቁትም እርሳቸው ናቸው።

የቆሎ ተማሪ ሆነው ስላደጉ ነው መሰለኝ፣ በሳምንቱ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባነውን የመሬት መዝገብ ዓርብ ዓርብ ደብተር ላይ በእጃቸው ይገለብጡ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል» እያልኩ እስቅባቸዋለሁ።

«አንቺ ሳቂ ልጄ፣ እኔ ልጻፍ» ይሉኛል።

መብራቱም ኔትወርኩም ለወራት በጠፋ ጊዜ፣ የገበሬው የድንበር ክርክር የተፈታው በዚያ ደብተር ነው።

ካረፉ ወዲህ፣ ባለፈው ሳምንት፣ ሌላ ሲስተም መጣ። ከከተማ የመጣው አሠልጣኝ «ጥያቄ አለ?» ሲል ሁላችንም ወደ ወንበራቸው ዞርን። ባዶ ነው። እጄን አወጣሁና «መብራት ሲጠፋስ?» አልኩ።

ከአሠልጣኙ በቀር የሳቀ የለም።